ላባው ወዴት ነው የተኛው?

"ይቺ ወፍ የምትበረው ወደ ኋላ ነው እንዴ?"

አክስቴ እየቀለደች አልነበረም። ጭምብሉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። ገልበጥ አድርጋ ውስጡን አየች። ከዚያ ከልቧ ጠየቀችኝ። ሦስት ማታ የፈጀ ሥራ ነበር። ካርቶኑን ለክቼ ቆርጫለሁ፣ ቀለም ቀብቻለሁ፣ ላባውን አንድ በአንድ ለጥፌያለሁ። እሷ አውራ ጣቷን ምንቃሩ ላይ አሳረፈችና ወደ ጆሮው በኩል አንሸራተተችው። ላባው ሁሉ ቆመ። ጫጩቶቿን ሊነካባት ሰው የመጣባት ዶሮ አንገቷ ላይ እንደሚቆመው ዓይነት።

"አየሽ? ላባ እንዲህ አይተኛም" አለችኝ።

ከዚያች እሑድ ወዲህ አራት የወፍ ጭምብሎች ሠርቻለሁ። አራቱንም ስሠራ ያ አውራ ጣት ከፊቴ አይጠፋም። ስለ አሠራሩ የሚጠይቁኝ ሰዎች ስለበዙ ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጽፈው ወሰንኩ።

ነገሩ የጀመረው ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። የእህቴ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ድሬዳዋ ሳቢያን አብረን ነው የምንኖረው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ብጣሽ ወረቀት ይዛ መጣች። ሰኔ ውስጥ የወላጆች ቀን አለ፣ ክፍሉ የወፎች ትርኢት ያቀርባል፣ ልጆች የየራሳቸውን የወፍ ጭምብል አሠርተው ይምጡ ይላል።

"አንቺ ምን ወፍ መሆን ነው የምትፈልጊው?" አልኳት።

ጊዜም አልፈጀባት። "ጭልፊት!"

ለምን እንደሆነ ገባኝ። ለፋሲካ ሐረር አክስቴ ጋ ሄደን ነበር። በዓሉ ካለፈ በኋላ ጀጎል ውስጥ ይዣት ገባሁ፤ ግድር መጋላ፣ ሥጋ ተራው ጋ ደረስን። ስለ ሐረር ሲወራ ሁልጊዜ ግንቡና ጅቡ ናቸው የሚነሱት። ለእኔ ግን የሐረር ትልቁ ትርኢት እዚያ ሥጋ ተራ ሰማይ ላይ ያለው ነው። ጭልፊቶቹ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ። አንዳንዶቹ ከላይ ይዞራሉ፤ ክንፋቸውን እምብዛም አያርገበግቡም። አንዱ ሥጋ ሻጭ ቁራጭ የግመል ሥጋ ወደ ላይ ሲወረውር ሁሉም ባንዴ ይነሳሉ። የወረወረው ቁራጭ መሬት ነክቶ አያውቅም።

ሰውየው ለልጅቷም ቁራጭ ሰጣት። እጇን ዘረጋች፤ መዳፏ ላይ አድርጋ። ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ግን አልጨፈንኩም፤ እና ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከኋላዋ ነው የመጣችው። ድምፅ የላትም። ሹካ የመሰለ ጅራቷን ጠምዘዝ አድርጋ አቅጣጫዋን አስተካከለች፣ እግሯን ወደ ፊት ሰደደች፣ ሥጋውን ከመዳፏ ላይ ጨለፈችው። አዎ፣ ጨለፈችው። ጭልፊት የሚለውን ስም ስሰማ ሁሌ ጭልፋ ትዝ ይለኛል፤ ያን ቀን ግን ትዝታ ብቻ አልነበረም። የልጅቷን ጣት ጥፍሯ አልነካትም። የነካት የክንፏ ነፋስ ነው።

"ለስላሳ ነች!" አለች ዓይኗን ስትከፍት። አልነካቻትም እኮ። ግን ለስላሳ ነች አለች።

እንግዲህ ጭልፊት የመረጠችው በዚህ ነው። በማግሥቱ ግን አኩርፋ ተመለሰች። የክፍሏ ልጆች "ጭልፊት ወፍ አይደለም፣ አሞራ ነው" ብለዋታል። ልጆቹ የተሳሳቱም አልመሰለኝም። በእኛ አማርኛ ወፍ ሲባል ትንሽ ነገር ነው፤ የሚዘምር፣ ዛፍ ላይ የሚንጫጫ። ሥጋ የሚበላው ሁሉ አሞራ ነው። አሞራ ደግሞ ክብር የለውም። ቁራ፣ ጥንብ አንሳ፣ ጆፌ፣ ጭልፊት፣ ሁሉም አንድ ላይ ይታጨቃሉ። ለትርኢት የሚመረጠው ጣዎስ ነው። ከክፍሉ ስድስት ልጆች ጣዎስ ሊሆኑ ነው አለችኝ። ጣዎስ የህንድ ወፍ ነው። አገራችን ውስጥ ከ850 በላይ የወፍ ዓይነት አለ፤ ስድስቱ ልጆች ግን ስልክ ላይ ያዩትን ነው የመረጡት። በልጆቹ አልፈርድም፤ እኛም ያሳየናቸው ያንኑ ነው። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች የሚባለው ለዚህ ለዚህ ነው መሰለኝ። ለመምህሯ አጭር ማስታወሻ ጻፍኩ። "ይምጣ፣ አሞራም ይብረር" ብላ መለሰችልኝ። ደስ አለኝ።

የመጀመሪያውን ጭምብል የሠራሁት ስልክ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ነው። ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ሄጄ በሪባን ላይ የተሰፋ ባለ ቀለም ላባ ገዛሁ፤ ለግብዣና ለመኪና ማስጌጫ የሚሸጠውን። ጥቁርና ቡናማ መረጥኩ። ግሉ ጋን፣ ሙጫ የሚያቀልጠውን መሣሪያ፣ ከጎረቤት ተዋስኩ። ሙጫው ትኩስ እያለ ጠብ፣ ላባ ጫን፣ ጠብ፣ ላባ ጫን። ሥራው ይፈጥናል። ግን ያ ላባ እንደ ጥጥ የቦነነ ነው፤ ቅርጽ የለውም። ወዴት እንደሚተኛም አያስታውቅም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ባዶ ቦታ ባየሁበት ሁሉ ሞላሁበት።

በማግሥቱ መስኮት ላይ አስቀምጬው ወደ ሥራ ሄድኩ። የድሬን ከሰዓት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሱቁ ተዘግቶ፣ ባጃጁ ጥላ ፈልጎ፣ ሰው ሁሉ የሚተኛበት ሰዓት። ማታ ስመለስ ሙጫው ለስልሶ የግንባሩ ላባ እስከ ዓይኑ ቀዳዳ ወርዷል። እሱን አንስቼ እንደገና ለጠፍኩ። ከዚያ ነው እሑድ ለአክስቴ ላሳያት በላስቲክ ጠቅልዬ ሚኒባስ የተሳፈርኩት።

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ትጠጋለች። በመሀላቸው ያለው ግን 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የደንገጎን ጠመዝማዛ ስትወጡ መስኮት የሚከፍተው ሰው ይዘጋል፣ ሹራብ የያዘ ያወጣል። እኔ ጭምብሉን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለ ሙጫ ነበር የማስበው። ቅዝቃዜው ሳይጎዳው አልቀረም፤ አወዳይ ስንደርስ ሁለት ላባ ላስቲኩ ውስጥ ወድቆ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ነግሬያችኋለሁ። አውራ ጣቷ።

አክስቴ ሥዕል ተምራ አታውቅም። የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ የሚባለውንም አልደረሰችበትም። ግን ከልጅነቷ ጀምሮ በየበዓሉ ዋዜማ ዶሮ ስትነጭ ነው የኖረችው። ለገና፣ ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ። የራሷን ብቻ አይደለም፤ ለአራስ ቤት፣ ለሠርግ ቤት፣ ዶሮ መሥራት ለከበዳት ጎረቤት ሁሉ። እና እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፤

"የደረቱ ላባ በእፍኝ ይነሳል፣ አያስቸግርም። የክንፉ ግን ሥሩ ጠልቋል። አንድ በአንድ ነው፣ በተኛበት በኩል ነው የምትጎትቺው። አዙረሽ ከጎተትሽው ቆዳውን ይዞት ይመጣል፤ ዶሮውም ይበላሻል። ስለዚህ እጅሽ ሳያይ ያውቀዋል፣ የአንገቱ ወዴት እንደተኛ፣ የጭኑ ወዴት እንደተኛ።"

"የፊቷስ?" አልኳት።

"የፊቷ ሁሉ ከአፏ ወደ ኋላ ነው የሚሄደው። ነፋሱ ከፊት ነው የሚመጣባት እኮ። አንቺ ነፋሱን ከኋላ አመጣሽባት።"

እኔ ሦስት ቀን ቪዲዮ ሳይ ይህን አንድም ሰው አልነገረኝም። ወይም ተናግረውት ይሆናል፤ እኔ ግን የሰማሁት እሷ ስትናገር ነው። ስንት ዓመት ከአጠገቧ ቆሜ የፈላ ውሃ ሳቀብል የኖርኩ ልጅ፣ እጇ ላይ ያለውን አንድ ቀን እንደ እውቀት ቆጥሬው አላውቅም።

ጭምብሉን አፍርሰን እንደ አዲስ ልንጀምር ተስማማን። ያኔ ነው ችግሩ የመጣው። ጰራቅሊጦስ አልፎ የሰኔ ጾም ገብቷል። በአክስቴ ሰፈር በክርስቲያኑ ቤት ዶሮ አይታረድም። ላባ ፍለጋ ሁለት ሦስት ቤት አንኳኳሁ፤ ወፍ የለም! መጨረሻ ላይ አክስቴ ራሷ በአጥሩ በኩል ተጣራች። ጎረቤቷ ሐረሪ ናቸው፤ ስፌት ይሰፋሉ፣ እጃቸው ያለ ሥራ አይቀመጥም። በሳምንቱ ውስጥ እንግዳ ሊመጣባቸው ነበር። ረቡዕ ማታ የልጅ ልጃቸው አንድ ከረጢት ሙሉ እርጥብ ላባ ይዛ መጣች።

አክስቴን "በጾም ላባ ስትነኪ?" አልኳት።

"ላባ ምን ፍስክ አለው!" አለችና ሰፌድ ልታመጣ ገባች።

ላባ ማዘጋጀት ከጠቅላላው ሥራ ግማሹን ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ ነው ሰው የሚዘለው። እባካችሁ አትዝለሉት። ላባ የተሠራው ከጸጉራችንና ከጥፍራችን ጋር ከአንድ ነገር ነው፤ ኬራቲን ይባላል። ስለዚህ እንደ ጸጉር ነው የሚታጠበው። ለብ ባለ ውሃ፣ በትንሽ ላርጎ፣ ሳይታሽ። በእጃችሁ እየደፈቃችሁ ብቻ። ሦስት ውሃ ቀየርን፤ በመጨረሻው ላይ ጠብታ አቼቶ ጨመርንበት፣ ሽታውን እንዲቀንስልን። ከዚያ ሰፌድ ላይ አስጥተን ነፋስ እንዳይወስደው የቆየ ነጠላ አለበስነው። እርጥብ ላባ ያስጠላል፣ የሞተ ነገር ነው የሚመስለው። ሲደርቅ ግን ይነሳል። ነጠላው ከሥሩ በተነፋው ላባ ከፍ ከፍ ሲል ቁጭ ብለን አየነው።

አንዱን ላባ አንሡና ጠጋ ብላችሁ እዩት። መሀሉ ላይ ዘንግ አለ። ከዘንጉ ግራና ቀኝ ቀጫጭን ክሮች ይወጣሉ። ክሮቹ እርስ በርሳቸው በዓይን በማይታዩ ቁልፎች ተያይዘዋል፤ ለዚህ ነው ላባ እንደ ጨርቅ አንድ ወጥ ሆኖ የሚታየው። በጣታችሁ ወደ ታች ብትጎትቱት ይበጣጠሳል፣ የተቀደደ ይመስላል። አይዟችሁ፣ አልተቀደደም። ከሥሩ ወደ ጫፉ በሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ሳቡት። ይገጥማል። ዚፕ እንደ መዝጋት ነው። ወፍ ቀኑን ሙሉ በአፏ ላባዋን የምታበጥረው ይህንኑ ስትሠራ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ካወቀች በኋላ ላባ ማበጠሩ የእሷ ሥራ ሆነ፤ ማንም አያስነካትም።

ሌላም ነገር አለ። የክንፍ ላባ ሁለቱ ጎን እኩል አይደለም። ዘንጉ ወደ አንዱ ጎን ያደላል። ጠባቡ ጎን ነፋሱን የሚቀበለው ነው። ስለዚህ የግራ ክንፍ ላባና የቀኝ ክንፍ ላባ ይለያያል፣ እንደ ጫማ። በጭምብሉ በቀኝ በኩል የግራውን ከሰካችሁ ሰው ምን እንደሆነ ባያውቅም ዓይኑን አንድ ነገር ይከብደዋል። አክስቴ ጋዜጣ ዘርግታ ለሁለት ከፈለቻቸው። ከዚያ በቁመት ደረደረች። ከዚያ በመልክ፤ ቀዩን ለብቻ፣ ገብስማውን ለብቻ፣ ዛጎልማውን ለብቻ፣ ነጩን ለብቻ። ለዶሮ መልክ ይህን ሁሉ ስም ያለው ሕዝብ ለጭምብል ላባ ከሱቅ መግዛቱ ያሳዝናል። ነጩን አልጣልነውም። በወፍራም ሻይ ውስጥ ዘፍዝፈን አሳደርነው፤ ሲወጣ እንደ ደረቀ ቅጠል ቡናማ ሆነ።

ቅዳሜ እንደገና ግድር መጋላ ሄድኩ፣ ልጅቷን ይዤ፣ ደብተርና እርሳስ ይዤ። አንድ ሰዓት ያህል ቆምን። አፏ ቢጫ ነው፣ ጫፉ ወደ ታች የታጠፈ። ዓይኗ ጥቁር ነው የሚመስለው። ከዓይኗ በላይ እንደ ቅንድብ የሚወጣ ጠርዝ አለ፤ የተቆጣች የሚያስመስላት እሱ ነው። ፊቷ ከሌላው ገላዋ ፈካ ይላል፣ ቀጫጭን ጥቁር መስመር አለበት። "ገብስማ ጉንጯ ላይ!" አለች ልጅቷ። እኔ ገና እየሣልኩ ነበር።

አጽሙ ቀላል ነው። አንድ ነጭ ወረቀት ለሁለት አጥፋችሁ የፊቱን ግማሽ ብቻ ሣሉና ቁረጡ፤ ሲዘረጋ ሁለቱ ጎን እኩል ይሆናል። የልጅቷ ዓይን ከብሌን እስከ ብሌን 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው። ይህን ሳትለኩ ዓይን አትቅደዱ። ወረቀቱን ካርቶን ላይ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ የብስኩት ካርቶን ይበቃል። ወፍራም ካርቶን ከሆነ የውስጡ ሸንተረር ከላይ ወደ ታች ይሁን፣ ያን ጊዜ ፊት ላይ በቀላሉ ይጠመዘዛል። አግድም ከሆነ ይሰበራል።

ምንቃሩን በጋዜጣና በዱቄት ሙጫ ነው የሠራሁት። አንድ ስኒ ዱቄት፣ ሦስት ስኒ ውሃ፣ ቁንጥር ጨው እንዳይሻግት፣ ቀስ ባለ እሳት ላይ እስኪወፍር። የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ጋዜጣ የሚለጠፍበት ያው ሙጫ ነው፤ አክስቴ ስታየው "ይሄማ የእናቴ ነው" አለች። የካርቶኑን ምንቃር አጥፋችሁ በጣት ስፋት የተቀደደ ጋዜጣ እየነከራችሁ አራት ዙር አልብሱት። በየዙሩ ይድረቅ። ሐረር ሁለት ቀን ፈጀ። ድሬ ሆኖ ቢሆን ከምሳ እስከ ቡና ያልቅ ነበር።

ሙጫው እንዳይለሰልስ ግን ሌላ መላ አስፈለገኝ። ድሬ ተመልሶ የሚሄድ ጭምብል ነው። መፍትሔው የመጣው ከመኪና ግርግር ነው። ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የምትወስደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከስፌት መኪናው ድምፅ ነው። እኔ ቁራጭ ጨርቅና ላስቲክ ልጠይቅ ነበር የቆምኩት። ሽማግሌው ልብስ ሰፊ የያዝኩትን ላባ አዩና "ምን ልታደርጊው ነው ልጄ?" አሉኝ። ነገርኳቸው።

"አቦ፣ ሙጫ ምን ያደርጋል! ስፌት እያለ?" አሉ።

ቡናማ የጨርቅ ጠባብ ጥብጣብ ቆረጡ። ላባዎቹን አንድ በአንድ ጎን ለጎን ደርድረው፣ ዘንጋቸውን በጥብጣቡ አጥፈው፣ መኪናው ሥር አስገቡ። ግርርር። ዘንጉ ላይ ሁለት ጊዜ ተመላለሱበት። በእጃቸው ሲያነሱት የላባ ዘርፍ ሆኖ ተንጠለጠለ። "የሰው ልብስ እንጂ የአሞራ ልብስ ሰፍቼ አላውቅም ነበር" አሉና ሳቁ። ሰባት ጥብጣብ ሰፉልኝ። ገንዘብ ስሰጣቸው "ሀዬ፣ ለልጅቷ ከረሜላ ግዥላት" ብለው መለሱልኝ።

እና መለጠፉ። ይህን ደጋግሜ ነው የምነግራችሁ፤ ከዳር ነው የሚጀመረው። መጀመሪያ ረጃጅሞቹ ላባዎች፣ ከጆሮና ከግንባሩ ጫፍ፣ ከካርቶኑ ተርፈው እንዲወጡ ተደርገው። ቀጥሎ ያለው ረድፍ የፊተኛውን ጥብጣብ ይሸፍነዋል። ጣሪያ ሲከደን ከታች እንደሚጀመረው ማለት ነው። እንዲህ እያላችሁ ወደ ምንቃሩ ትመጣላችሁ። ላባው እያነሰ፣ እያነሰ ይመጣል። ከምንቃሩ ሥር የሚገቡት ከጥፍር የማይበልጡ ናቸው፤ እነሱን በወረንጦ ይዤ፣ ዘንጋቸውን ኮላ ነክሬ አንድ በአንድ ነው የተከልኳቸው። የአክስቴ ጎረቤት ስፌታቸውን ይዘው መጥተው አጠገባችን ቁጭ ብለው ነበር። አዩ፣ አዩና "የእኔ ከመሀል ይጀምራል፣ የእናንተ ከዳር። ግን ሁለቱም ረድፍ ነው" አሉ። ከዚያ ሳይጠየቁ ሁለተኛውን የቅንድብ ረድፍ አስተካከሉልን። እኔ ጠማማ አድርጌው ነበር።

214 ላባ። ቆጥሬዋለሁ። አክስቴ አውራ ጣቷን ምንቃሩ ላይ አሳረፈች። ወደ ጆሮው አንሸራተተችው። አንድም ላባ አልተነሳም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ፣ ሽታው። ሦስት ጊዜ ታጥቦም ጭምብሉ ውስጥ አፍንጫን ስታስገቡ የእርጥብ ዶሮ ሽታ አለ። አክስቴ ጓሮ ወጣች፣ ጤና አዳም ቀነጠሰች፣ ከምንቃሩ ውስጥ ባዶው ቦታ ላይ ሸጎጠችው። ዝም ብዬ አየኋት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የወረርሽኝ ሐኪሞች የወፍ ምንቃር ያለው ጭምብል ያደርጉ ነበር። ምንቃሩ ውስጥ መዓዛ ያለው ቅጠልና አበባ ይጠቀጥቁበታል፤ በሽታው የሚመጣው በመጥፎ አየር ነው ብለው ያምኑ ስለነበር። ይህን ስነግራት "እነሱም ጤና አዳም ነበራቸው?" አለችኝ። ጤና አዳም አውሮፓም ይበቅላል አልኳት። ደስ አላት።

የወላጆች ቀን አዳራሹ ወናፍ ሆኖ ነበር። ማራገቢያው ይዞራል እንጂ የሚያመጣው ሞቃት አየር ነው። ስድስቱ ጣዎሶች ወጡ፣ አበሩ። እውነት ለመናገር ቆንጆዎች ነበሩ፤ እናቶቻቸው ደክመውባቸዋል። ከዚያ የእኛዋ ወጣች። ጭምብል ሲደረግ የዓይን ቀዳዳ ጠባብ ነው፤ ጎንና ጎን አይታይም። ስለዚህ ልጅቷ ጓደኞቿን ለማየት ጭንቅላቷን ሙሉ በሙሉ ማዞር ነበረባት። ቀኝ፣ ቆም። ግራ፣ ቆም። ጎንበስ። ልክ ጣሪያ ጠርዝ ላይ እንዳየናት። ማንም አላስተማራትም፤ ጭምብሉ ነው ያስገደዳት። ክንፍ የሆኑትን እጆቿን ዘረጋችና አላርገበገበችም። ዝም ብላ ዞረች። ከኋላዬ የተቀመጡ አንድ አባት "አሞራ! አሞራ!" አሉ፣ ልጃቸው ጉልበታቸው ላይ ተነስቶ ቆመ።

አንድም ላባ አልወደቀም።

ቪዲዮውን ለአክስቴ ላኩላት። ማታ ደወለች። ስለ ጭብጨባው አልጠየቀችም። "ስትዞር ከኋላ በኩል አየሁት፣ ተኝቷል" አለች።

ከዚያ ወዲህ ለሰፈር ልጆች ሦስት ሠራሁ። አንዱ ቁራ ነው፣ ነጭ አንገት ያለው። ጾመ ፍልሰታ ነሐሴ 16 ከተፈታ በኋላ ከሐረር በሚኒባስ አንድ ማዳበሪያ መጣልኝ፤ ረዳቱ "ምንም አይከብድም፣ ባዶ ነው እንዴ?" እያለ ነው ያቀበለኝ። ውስጡ ሁለት የፌስታል ቋጠሮ ነበር። የታጠበ፣ የደረቀ፣ በቁመት የተደረደረ፣ በክር የታሰረ። በእያንዳንዱ ላይ በቢክ የተጻፈ ወረቀት ተሰክቷል። አክስቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ጽሕፈቷ ትልልቅ ነው። በአንዱ ላይ "ግራ" ይላል። በሌላው ላይ "ቀኝ"።